ለገብስ ቅጠል የተተከለ ድንኳን

እኔ ፍሪጅ ጠጋኝ ነኝ። ይህን በትሕትና እያልኩ አይደለም። ኮተቤ ውስጥ ከእኔ የተሻለ ፍሪጅ ጠጋኝ ካለ ተደብቆ ነው የሚሠራው፤ ሰው ሁሉ የሚመጣው እኔ ጋ ነውና። በዚያ ላይ ደግሞ ሞለኪውላር ጄኔቲክስ አውቃለሁ። ማን አስተማረህ ለሚለኝ፣ ስልኬ። ፍሪጅ ላይ ጋዝ ከሞላህ በኋላ እስኪቀዘቅዝ ቁጭ ብለህ መጠበቅ አለብህ። ሌላው ጠጋኝ በዚያ ሰዓት ስለ ኳስ ይጨቃጨቃል። እኔ ስለ ዲኤንኤ ቪዲዮ አያለሁ። እንግሊዝኛው ግማሹ ያመልጠኛል፤ ያመለጠኝን ግማሽ ራሴ እሞላዋለሁ። እስካሁን የከሰሰኝ የለም።

ባለቤቴ ግን ማዕድ ላይ ዲኤንኤ የሚለውን ቃል ከልክላለች። አንድ ቀን ሽሮ እየበላን፣ እኛና ሽምብራ ከሥር ከሥሩ ሲታይ ዘመድ እንደሆንን ሳስረዳ፣ "ዘመድህ ከሆነ አትብላው" ብላ ሰሃኑን ወደ ራሷ ሳበችው። ሳይንስ መሥዋዕትነት ይጠይቃል።

ይህን ሁሉ እውቀት ያስጀመረችኝ ተከራያችን ናት። ከሆሳዕና የመጣች፣ እዚያ ኮሌጅ የምታስተምር፣ ለሁለተኛ ዲግሪ ፈቃድ ተሰጥቷት ግቢያችን ውስጥ አንዷን ክፍል የተከራየች ልጅ። ጸጥ ያለች፣ እሑድ እሑድ መዝሙር እያንጎራጎረች ቸርች የምትሄድ። መጀመሪያ ቀን ምን ታጠኚያለሽ ስላት "የገብስ ጂን" አለችኝ። አዘንኩላት። ገብስ ምን የሚጠና ነገር አለው? ትቆላዋለህ፣ ትቆረጥመዋለህ፣ ጨረስክ።

ቀስ እያለች ነገረችኝ። እያንዳንዷ የገብስ ሴል ውስጥ አንድ ረጅም መጽሐፍ አለ፤ ዲኤንኤ የሚባለው እሱ ነው። ሥሩም ውስጥ፣ ቅጠሉም ውስጥ፣ ፍሬውም ውስጥ ያው አንድ መጽሐፍ ነው። ሥሩን ሥር፣ ቅጠሉን ቅጠል የሚያደርገው የትኛው ገጽ ተገልጦ እንደሚነበብና የትኛው ተዘግቶ እንደሚቀመጥ ነው። ይሄ ወዲያው ገባኝ። "ቴርሞስታት ነዋ" አልኳት። አንድ ዓይነት ፍሪጅ፣ አንድ ዓይነት ሞተር፣ አንዱ ውሃ በረዶ ያደርጋል፣ ሌላው ቲማቲም ያበሰብሳል፤ ልዩነቱ ቁልፉን ማን ወዴት እንዳዞረው ነው። ሳቅ አለችና "ብዙም አልራቁም ጋሼ" አለችኝ። ይህን ምስክርነት እስከ ዛሬ በየሄድኩበት አወራዋለሁ። "ብዙም" የሚለውን እዘለዋለሁ።

ሌላው ደግሞ ተንቀሳቃሹ ዲኤንኤ ነው። የገብስ መጽሐፍ አብዛኛው ክፍል፣ አንዱ ራሱን እየቀዳ፣ ሌላው ራሱን እየነቀለ፣ ሌላ ገጽ ውስጥ ሄዶ ሲሰካ የኖረ ቁራጭ ነው። ለተክሉ ይህ ነው የሚባል ሥራ አይሠራም። "ደላላ ነው በይኛ" አልኳት። እኛ ሰፈር አንድ ደላላ መጥቶ ጥግ ላይ ከተቀመጠ፣ ስንት ዘመን ተኝቶ የኖረ ቤት ይሸጣል፣ ይፈርሳል፣ ፎቅ ይሆናል። እሱ አንድ ብሎኬት አላነሳም፤ አጠገቡ ያለውን ግን ቀሰቀሰ። ምሳሌው ልክ ነው አለችና ወዲያው አበላሸችብኝ፤ አብዛኞቹ ከተሰኩ ቆይተዋል፣ መንቀሳቀስ ትተዋል፣ አንዳንዶቹ ግን ባሉበት ሆነው አጠገባቸው ያለውን ጂን ያበራሉ ወይም ያጠፋሉ አለች። ከቤቱ የማይወጣ ግን ሰፈር የሚበጠብጥ ከሆነ ጡረታ የወጣ ደላላ ነው ማለት ነው። ይህንንም መዝግቤ ያዝኩ።

የእሷ ጥያቄ ይሄ ነበር። ከየካ ተራራ ጀርባ፣ ወደ እንጦጦ በሚዞረው ሸንተረር ላይ፣ አንድ አዛውንት ገበሬ የሚዘሩት ጥቁር ገብስ አለ። ውርጭ ሲመታ ከገበያ የመጣው ዘር ተኮማትሮ ይቀራል፤ የእሳቸው ምንም እንዳልተፈጠረ ቆሞ ያድራል። እሷ የጠረጠረችው ከነዚያ ተንቀሳቃሽ ቁራጮች አንዱ፣ ብርድ የሚያስችል ጂን አጠገብ ተሰክቶ ውርጭ በመጣ ቁጥር ያበራዋል ብላ ነው። ይህን ለማወቅ ከውርጩ በፊት የተቆረጠ ቅጠልና በውርጩ ማለዳ የተቆረጠ ቅጠል ማወዳደር ያስፈልጋል። የሚወዳደረው ደግሞ መጽሐፉ ሳይሆን፣ ገጹ ሲገለጥ ከመጽሐፉ የሚቀዳው ትእዛዝ ነው። አርኤንኤ ይሉታል። መጽሐፉ ድንጋይ ነው፣ ትእዛዙ ቅቤ። ከቅዝቃዜ ወጥቶ ሙቀት ካገኘው ተበላሸ፤ ከዚያ ወዲያ ጂኑ በርቶ ይሁን ጠፍቶ የሚነግርህ የለም።

የውርጩን ማለዳ አብሬያት ወጥቻለሁ። ፈሳሽ ናይትሮጅን የያዘውን ትልቅ ጠርሙስ፣ እንደ ድስት የሚጨስ ግን ጣትህን ብትከትበት ጣት የማይመልስልህን፣ በአሮጌ መኪናዬ የጫንኩት እኔ ነኝ። መኪናዬ ዳገቱ ላይ እምቢ ስትል በትከሻዬ ተሸክሜ የወጣሁትም እኔ ነኝ። ሳይንስ ትከሻ እንደሚፈልግ ቪዲዮው ላይ አይነግሩህም። ሣሩ ነጭ ሆኖ ከእግራችን ሥር ይንኮሻኮሻል። እሷ ቅጠል ትቆርጣለች፣ ወደሚጨሰው ውስጥ ትከታለች። አዛውንቱ ጋቢያቸውን ተከናንበው ሲያዩን ቆዩና ወደ እኔ ጠጋ ብለው ልጅቷ ጤነኛ መሆኗን ጠየቁኝ። ጤነኛ ናት፣ ዩኒቨርሲቲ ናት አልኳቸው። "እሱ ነዋ" አሉ፣ በቃ ተረዷት።

በዓመቱ ማሳው ባሕር ዛፍ ሆነ። እሷ ከዘሩ በእፍኝ አስቀርታለች፤ ግን ዘርቶ፣ አብቅሎ፣ ውርጭ ጠብቆ መድገም ሌላ ዓመት ነው። ያን ዓመት የሚሰጣት አልነበረም። ኮሌጁ ክረምት ላይ ዲግሪውን ይዛ ካልተመለሰች ቦታዋን ለሌላ እንደሚሰጥ ነግሯታል። ስለዚህ ኑሮዋ በሙሉ ሲግናል አካባቢ አንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ ሣጥን በመሰለ ረጅም ፍሪዘር፣ ጣት በሚያካክሉ የፕላስቲክ ብልቃጦች ተሞልቶ ተቀምጦ ነበር። ከዜሮ በታች ሰማንያ።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ደወለችልኝ። ከዋዜማው ጀምሮ መብራት የለም፤ አንድ ትልቅ መስመር ተበጥሶ ከሲግናል እስከ ኮተቤ ጨልሟል፤ ይምጡልኝ አለች። ሄድኩ። ጄኔሬተር የላቸውም ወይ? አላቸው። እንዴት ያለ ጄኔሬተር! ላስቲኩ ገና አልተላጠም። የሚያስገጥመው ኮሚቴ አልተዋቀረም። ዶክተሮቹ ኮሪደሩ ላይ ቆመው ስለ መብራቱ በእንግሊዝኛ ያወራሉ፤ በእንግሊዝኛም ተወርቶ መብራቱ አልመጣም። ሌላ መሥሪያ ቤት ፍሪዘር ውስጥ ለማስቀመጥ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ደብዳቤውን የሚፈርመው ሰው ስብሰባ ላይ ነው። መስመሩ መቼ ይቀጠላል ስል አንዱ "በሂደት ላይ ነው" አለኝ። ፍሪጅ ሲጠግን የኖረ ሰው በሂደት ላይ ነው ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። እኔም ለደንበኛ የምለው እሱኑ ነው።

ፍሪዘሩን አየሁት። የክዳኑ ጎማ አርጅቷል፣ ብርዱን ያሾልካል። ቁጥሩ ከሰማንያ ተነስቶ ሃምሳዎቹ ውስጥ ገብቷል። ልጅቷ ማንም እንዳይከፍተው ክዳኑ ላይ ተቀምጣበታለች።

ጄኔሬተር አከራዮቹ ጋ ደወልኩ። የሠርግ ሰሞን ነበር፤ የሚከራይ ጄኔሬተር ሁሉ ሙሽራ ቤት ነው። እዚህ ላይ ነው ይህ የታወቀው ጭንቅላቴ የሠራው። እድራችን ጄኔሬተር አለው። ችግሩ ደንቡ ነው፦ ከሰፈር አይወጣም፣ ለሐዘን ካልሆነ ደግሞ ከዕቃ ቤቱም አይወጣም። እንግዲህ ጄኔሬተሩ ወደ ፍሪዘሩ መሄድ ካልቻለ ፍሪዘሩ ወደ ጄኔሬተሩ ይምጣ። ይህን ከዶክተሮቹ አንዱም አላሰበውም። ኃላፊያቸው "ውሰዱት፣ ብቻ መልሱት" አለ፤ ሌላ ምርጫ ስላልነበረው አስተዋይ መሰለ።

የእድሩን ዕቃ ቤት ቁልፍ የያዘችው ባለቤቴ ናት። ደወልኩላት።

"ማን ሞተ?" አለች።

"እስካሁን ማንም።"

"ካልሞተ አይወጣም።"

ስለ አርኤንኤ ስጀምርላት ስልኩን ዘጋችው። ከዚያ ልጅቷ ራሷ ደወለችላት። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ባለቤቴ መልሳ ደውላ ቁልፉን በሩ ላይ ሰክቼዋለሁ፣ እኔ ምንም አላየሁም አለችኝ። ሁለት የቀን ሠራተኞች ጄኔሬተሩን በጋሪ ወደ ቤታችን እንዲገፉት ያደረገችውም እሷው ናት። ምንም ሳታይ።

ያላሰብኩት የእድራችንን ጥሩምባ ነፊ ነው። ይህ ሰው ለስብሰባ ሁሌም ይዘገያል፣ ለሞት ግን የሚቀድመው የለም። ጄኔሬተሩ በጋሪ ሆኖ ወደ እኛ በር ሲገፋ ከሩቅ አየው። ጄኔሬተር ወጣ ማለት ሰው ሞተ ማለት ነው፤ ማን ሞተ ብሎ ባለሐዘንን መጠየቅ ደግሞ ነውር ነው። ስለዚህ አልጠየቀም። ነፋ። በየመንደሩ ዞሮ የእኛን ቤት እየጠራ ነፋ።

እኛ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ምንም አላወቅንም። ፍሪዘሩን ብርዱን እንዲይዝ ብለን በብርድ ልብስ ጠቅልለን፣ በገመድ አስረን፣ በጭነት መኪና ከመገናኛ በላምበረት አድርገን መጣን። በራችን ላይ አራት ሰው ተሸክሞ አወረደው። ረጅም ሣጥን፣ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ። ልጅቷ ከኋላ እያለቀሰች ትከተላለች፤ ቁጥሩ ሠላሳዎቹ ውስጥ ገብቶ ነበርና። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በሩ ላይ ቆመዋል። ለቅሶው ቀለጠ።

ሬሳው የማን እንደሆነ ማንም አላወቀም፣ ግን የልጅቷ ዘመድ እንደሆነ ሁሉም ተረዳ። አባቷ ናቸው አለ አንዱ፤ ከሆሳዕና ለሕክምና መጥተው ነው አለ ሌላው፤ እኔ ሣጥኑን አስቀምጬ ቀና እስክል የበሽታው ዓይነት ሁሉ ታውቆ ነበር። ኦርቶዶክሱ ነፍስ ይማር፣ ጴንጤው ጌታ ያጽናሽ፣ ሙስሊሙ አላህ ይዘንላቸው ይሏታል። እሷ ለማስረዳት አፏን በከፈተች ቁጥር አንዷ አቅፋ ደረቷ ላይ ትወትፋታለች። እኔ ይህን ሁሉ ትቼ ሽቦውን ቀጠልኩ፣ የጄኔሬተሩን ገመድ ጎተትኩ፣ ኮምፕሬሰሩ ተነሳ። ያን ድምፅ ብትሰሙት! ዘወር ስል ግቢዬ ውስጥ ድንኳን ተተክሏል።

ያኔ የእድሩ ሰብሳቢ መጡ። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ ግማሹ ሰፈር ተማሪያቸው ነበር፣ እኔም ጭምር። ከሰባተኛ ክፍል ያባረሩኝ እሳቸው ናቸው የሚባለው ውሸት ነው፤ በራሴ ነው የወጣሁት። ሣጥኑን አዩ፣ ገመዱን አዩ፣ ከሣጥኑ ወደ ጄኔሬተሩ የሚሄደውን ሽቦ በዓይናቸው ተከተሉት።

"ሬሳ ኮረንቲ መፈለግ የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው?" አሉኝ።

"ገብስ ነው ጋሼ።"

"ምን?"

"የገብስ ቅጠል።"

ለቅሶው ከፊት ወደ ኋላ እየተቀባበለ ቆመ። አንዲት እናት አፏን በነጠላዋ ከድና ረጅም ጊዜ ተንቀጠቀጠች፤ ኋላ ስጠይቃት ሳቋን ነው የያዘችው። እኔም ሕዝብ ተሰብስቦ አገኘሁ ብዬ ከመጽሐፉ ጀመርኩ፣ ወደ ቴርሞስታቱ ተሻገርኩ፣ ደላላው ላይ ስደርስ ከኋላ የተቀመጠው እውነተኛው የሰፈራችን ደላላ ቅር አለውና ማጉረምረም ጀመረ። ሰብሳቢው እጃቸውን አነሱ። ደንብ ደንብ ነው አሉ። ለገዛ ልጃቸው ሠርግ እንኳ ጄኔሬተሩን አልሰጡም፣ እንግዶቹ በሻማ ነው የበሉት። በሉ ንቀሉትና መልሱት አሉ። የቀን ሠራተኞቹ ጋሪውን ማዞር ጀመሩ።

ልጅቷ ከሴቶቹ እቅፍ ወጥታ ጄኔሬተሩና ጋሪው መሀል ቆመች። እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳላት አላውቅም ነበር።

"አሁን ቢነቀል እስከ ማታ ይቀልጣል፣ ጋሼ። ማሳው ባሕር ዛፍ ሆኗል። ገብሱ ውርጭ የመታው ያ ማለዳ ያለው እዚህ ውስጥ ብቻ ነው። እሱ ከጠፋ እናቴ ጋ ባዶ እጄን ነው የምመለሰው፤ ሥራዬንም ለሌላ ይሰጡታል።"

"ሌላ ቦታ የለም?" አሉ።

"የትም የለም።"

መምህሩ ቆም ብለው ሣጥኑን አዩት። ጂኦግራፊ ሲያስተምሩን አንድ ተራራ ሲጠፋባቸው እንዲህ ነበር ካርታውን የሚያዩት። ከዚያ ወደ ጥሩምባ ነፊው ዞሩ።

"ነፍተሃል?"

"ነፍቻለሁ ጋሼ። እስከ ወንዙ ድረስ።"

"እንግዲህ በእኛ እድር የተነፋ ጥሩምባ አይመለስም" አሉ፣ ወደ ሕዝቡ። "የተተከለ ድንኳን እስከ ሠልስት አይነቀልም፤ ድንኳኑ እስካለ ጄኔሬተሩም ይኖራል። ግን ድንኳን ያለ ለቀስተኛ አይቆምም። የመጣችሁ ሁሉ ተቀመጡ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፦ "አንተ ቤንዚን ትሞላለህ፤ ንግግር አታደርግም።"

ተቀመጡ። በሠልስት ደንብ ሦስተኛው ቀን ቅዳሜ ነው፤ ሐሙስ፣ ዓርብና ቅዳሜን ለገብስ ቅጠል ተቀመጡ። ሴቶቹ ንፍሮ ቀቀሉ፤ ስንዴና ባቄላ ብቻ፣ ገብስ እንዳይገባበት አንዷ ከለከለች፣ ነውር ነው ብላ። ወንዶቹ ካርታ ተጫወቱ። ሌላ ጊዜ ለቀስተኛ እንጀራ ይዞ ይመጣል፤ አሁን በውሃ ፕላስቲክ ቤንዚን እየያዘ መጣ። ሰላምታው ራሱ ተቀየረ። ከበር የሚገባ ሰው እንዴት ዋላችሁ አይልም፣ "ስንት ደረሰ?" ነው የሚለው፤ ሃምሳ ሁለት፣ ስልሳ፣ ስልሳ ስድስት ይሉታል። ስለ ገብሱ ልጅቷ በየወንበሩ እየተጠየቀች አስረዳች። ከእኔ በጣም ባጠረና ባልጣፈጠ አነጋገር ነው ያስረዳችው፣ ሰው ግን ገባኝ አለ። ደላላው ሳይቀር ወንበሩን ፍሪዘሩ ጥግ አድርጎ፣ እሱ ከሚያበሩት ወገን ይሁን ከሚያጠፉት ጠየቃት። እንደ ሰፈሩ ይለያያል አለችው፤ ደስ አለው።

ዓርብ ከሰዓት ጄኔሬተሩ ሳል ጀመረና ጸጥ አለ። ካርታው ቆመ። ድንኳኑ በሙሉ ተነስቶ እኔን አየኝ። ቁጥሩ ወደ ኋላ መመለስ ጀመረ፣ ልጅቷም ተመልሳ ክዳኑ ላይ ተቀመጠች። እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ፈታሁት፤ ጥላሸት ለብሷል። በባለቤቴ የድስት መፋቂያ ብረት ፋቅሁት፣ መልሼ አሰርኩት፣ ገመዱን ጎተትኩ፣ አልነሳም አለ፤ ደግሜ ጎተትኩ፣ ተነሳ። ያን ጊዜ ንግግር ላድርግ ብዬ አፌን ስከፍት ሰብሳቢው ቤንዚን የያዘውን ፕላስቲክ አቀበሉኝ።

ቅዳሜ ወደ አመሻሹ ላይ መብራት መጣ። ሲግናልም መጥቷል ተባለ። ድንኳኑ ተነቀለ፣ ፍሪዘሩ በመጣበት ብርድ ልብስ ተመለሰ።

ሰኞ ዕለት ቤተ ሙከራው ኮሪደር ላይ እኔ፣ ባለቤቴና ሰብሳቢው እንደ ሆስፒታል አስታማሚ ተደርድረን ተቀመጥን። ማንም አልጠራንም። ልጅቷ ከእያንዳንዱ መደርደሪያ አንዳንድ ብልቃጥ አውጥታ፣ ትእዛዙን ከቅጠሉ ለይታ፣ በኮረንቲ እየገፋች ልታየው ነው። ቀድማ ነግራናለች፦ ሁለት ደማቅ መስመር ከታየ ደህና ነው፤ እንደ ጭጋግ የተቀባ ነገር ከታየ አልቋል። ፍሪዘሩ ቁጥሩን የሚያነበው ከታች ነው፤ ክዳኑ ሥር ያለው ምን ያህል እንደሞቀ ማንም አያውቅም። ባለቤቴ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትጸልያለች። ለዲኤንኤ ስትጸልይ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ነገር ግን ማዕድ ላይ ስላልነበርን ደንቡን አልጣሰችም።

በሩ ተከፈተ። የውጤቱን ፎቶ ስልኳ ላይ ይዛ ወጣች።

"ከላይ ያለው መደርደሪያ አልቋል" አለች።

ሰብሳቢው ከወንበራቸው ተነሱ።

"የቀሩት አሉ። ከእያንዳንዱ ደጋግሜ ስለወሰድኩ ይበቃኛል። የውርጩ ማለዳ አለ።"

ፎቶውን አየሁት፤ ጥቁር ላይ ጥንድ ጥንድ ነጭ መስመር። ሰብሳቢው ቆባቸውን አውልቀው "ተመስገን" አሉ። ባለቤቴ አቀፈቻት፣ ያ ሁሉ ሕዝብ እንዳቀፋት አድርጋ፣ አሁን ግን ማስረዳት አላስፈለጋትም።

ክረምት ላይ ዲግሪዋን ይዛ ሆሳዕና ተመለሰች። ቦታዋም ጠበቃት። ጂኑ በውርጩ ማለዳ በርቷል፣ ከዚያ በፊት ጠፍቶ ነበር፤ ተንቀሳቃሹ ቁራጭም አጠገቡ ተሰክቶ ተገኝቷል። ያበራው እሱ ነው ወይ ስላት "ሊሆን ይችላል" ብዬ ጽፌያለሁ አለችኝ። የተማረ ሰው እንዲህ ነው። እኔ ብሆን በድምፅ ማጉያ ነበር የማውጀው።

የዚያን ሰኞ ግን ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ሰብሳቢው አጠገቤ ተቀመጡ። ባለቤቴ ይህ እንደሚመጣ አውቃ ከፊት ገብታለች። እንግዲህ አስረዳኝ፣ ሦስት ቀን የተቀመጥኩለትን ነገር ልወቀው አሉኝ። እኔም ከመጽሐፉ ጀመርኩ። ምንም አላስቀረሁም፤ ቴርሞስታቱን፣ ደላላውን፣ ጡረታ የወጣውን ደላላ፣ በራሴ የሞላሁትንም ግማሽ ጨምሬ። እሳቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳመጡ። ገና መገናኛ ስንደርስ "ገባኝ፣ በጣም ገባኝ" ብለው ወራጅ አሉና ወረዱ። ቤታቸው ኮተቤ ነው።